ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ

ቅዳሜ ተገዝቶ፣ ቅዳሜውኑ ውሃ ተሞልቶ፣ ቅዳሜውኑ ዓሣ የገባበት አኳሪየም ማክሰኞ ማታ ምን እንደሚመስል የጌጥ ዓሣ ያኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ወለል ብሎ ይታያል። ጠጠሩ ታጥቧል፣ መብራቱ በርቷል። ዓሦቹ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ከታች እስከ ላይ አይዋኙም። ፓምፑ አረፋ በሚተፋበት ጥግ ተሰብስበው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ቶሎ ቶሎ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መቅዘፊያ ክንፎቻቸውን ከጎናቸው ለጥፈዋል። የመተንፈሻ ስንጥባቸው ክዳን ብድግ ባለ ቁጥር ከሥሩ የሚታየው ሥጋ ከወትሮው ቀልቷል። ረቡዕ ጠዋት አንዱ በጎኑ ተንሳፎ ይገኛል። የቤቱ ሰው በማንኪያ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ልጆች ያዝናሉ፤ «አዲስ ዓሣ እንዲሁ ነው፣ ይሞታል» የሚል አይጠፋም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ይገዛል።

ያ ዓሣ በምን ሞተ የሚለው የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው፤ የመልሱ መሠረትም ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሞቱ ማን ይጠየቃል የሚለው ግን የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንችስ፣ በዑራኤል ዙሪያ ያደገ ሰው «በማወቅም ባለማወቅም ለሠራሁት» ብሎ ይቅርታ መለመንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በቤቱ፣ በእጁ፣ በገንዘቡ በገዛው መስታወት ውስጥ ሳያውቅ የገደለው ፍጥረት በዚህ ልመና ውስጥ ይገባል? የሚገባ ከሆነስ እስከ ስንተኛው ዓሣ ድረስ ነው «ባለማወቅ» የሚባለው?

ለመመለስ ውሃው ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይለቃል። የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። ወንዝ ቢሆን ይወስደው ነበር፤ ሐይቅ ቢሆን ያቀልለው ነበር። ስልሳ ሊትር የሚይዝ መስታወት ግን የትም አይወስደውም። አሞኒያ ስንጥብን ይለበልባል፤ በደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ የነርቭ ሥርዓትን ይመርዛል። ዓሣው ራሱ ያስወገደውን መልሶ እየተነፈሰ ይሞታል ማለት ነው።

በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህ አይደርስም። በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ካልበዛ እምብዛም አይጎዳም፤ ተክል ይመገበዋል፣ የቀረው ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ይህን የባክቴሪያዎች ሥራ ለይቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩሲያ ሳይንቲስት ነው። ችግሩ ባክቴሪያዎቹ ለመራባት ጊዜ መፈለጋቸው ነው። አንዳንድ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ ቁጥራቸውን ሲያጥፉ፣ እነዚህ አንድ ቀን ሊጠጋ የሚችል ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አዲስ አኳሪየም ለዓሣ እስኪበቃ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይሄዳል። በመካከሉም ሁለተኛ አደጋ አለ፦ አሞኒያው መቀነስ ሲጀምር ናይትራይቱ ይነሣል። ናይትራይት በስንጥብ ገብቶ የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ይለውጠዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውሃው ኦክሲጅን ሞልቶት እያለ ዓሣው ይታፈናል።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በዓይን አይታይም። አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም፤ ዓሣን በሚገድሉበት መጠን ሰው ቢያሸታቸውም አይለያቸውም። ውሃው የጠራ የሚመስለው በትክክል መርዝ በሆነበት ሳምንት ነው። የጥያቄው ክብደት እዚህ ላይ ነው። በጅራፍ የሚገረፍን አህያ የሚያይ ሰው ግፉን በዓይኑ ያያል፣ ጩኸቱን ይሰማል። ዓሣ አይጮህም፤ ውሃውም እንደጠራ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷን ሸክም ትጨምራለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ ግን 7 እንኳ አይሞላም። ስንጥቡ በአሞኒያ ለተለበለበ ዓሣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አየር የሚነፋ ፓምፕ እዚህ ከተማ ቅንጦት ሊባል አይችልም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲበርድ ባክቴሪያዎቹም ይዘገያሉ፤ በሞቃት አገር አራት ሳምንት የሚበቃው እዚህ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ስምንትም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፤ በተዘጋ ፊልተር ውስጥ የቀሩት ባክቴሪያዎችም ኦክሲጅን አጥተው መሞት ይጀምራሉ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ ለሰው ጤና የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፣ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው አይለይም፣ የዓሣንም ስንጥብ ይጎዳል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው ውሃና ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃም ጠባያቸው አንድ አይደለም። የውሃው የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒ.ኤች. ከ7 ወደ 8 ሲወጣ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ መርዘኛው ክፍል ከ200 አንድ እጅ ገደማ ከነበረበት ወደ ከ20 አንድ እጅ ገደማ ያድጋል። አንዱ ጎረቤት በደህና ያለፈው ስሕተት ሌላውን ጎረቤት ዓሣዎቹን ሁሉ ሊያሳጣው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። የነነዌ ጾም በየዓመቱ ከዓቢይ ጾም አስቀድሞ ለሦስት ቀን ይጾማል፤ የትንቢተ ዮናስም ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል። ሰው ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዓሣውን ነው። ዓሣ አንበሪው ነቢዩን በሆዱ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይዞ፣ ሳይጎዳው የብስ ላይ አወጣው። በእኛ ሳሎን ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ሰው ዓሣን በመስታወት ሆድ ይዞ ሦስት ቀን ማሳደር ያቅተዋል።

የትንቢቱ መጨረሻ ግን ከዓሣው ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ነው። መጽሐፉ የሚያበቃው እግዚአብሔር ለዮናስ ባቀረበው ጥያቄ ነው። ለከተማይቱ የሚራራበትን ምክንያት ሲቆጥር ሁለት ነገር ያነሣል፦ ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች መኖራቸውንና ብዙ እንስሶችም መኖራቸውን። አለማወቅ የምሕረት ምክንያት ሆኖ ተቆጠረ፤ እንስሳትም ለራሳቸው ሲባል ተቆጠሩ። የነነዌ ሰዎች ግን ቃሉ ከደረሳቸው በኋላ እንደ በፊቱ አልተቀመጡም። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀመጠ፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ እንዲጾሙ አዋጅ ወጣ። ባለማወቅ የተሠራው በደል ይቅር የተባለላቸው ካወቁ በኋላ ስለተለወጡ ነው። የመጀመሪያው ዓሣ ሳያውቁ የሞተ ሊባል ይችላል። ሁለተኛውም ምናልባት። «አዲስ ዓሣ ይሞታል» የሚለው አባባል በቤቱ ከተለመደ በኋላ የሚገባው ዓሣ ግን የሚሞተው ሰው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እያወቀ መጠየቅ ስላልፈለገ ነው። መሞቱን ያውቃል፣ ምክንያቱን ለማወቅ መንገድ አለው፣ አይጠይቅም። ይህን አለማወቅ ማለት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቀኖናዋ የያዘችው፣ ሙሉ ጽሑፉም በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ በአምስተኛው ቀን በውሃ ውስጥ የተፈጠሩትን በእግዚአብሔር እጅ ከተሠሩት ሥጋ ለባሾች የመጀመሪያዎቹ ያደርጋቸዋል። በኦሪት ዘፍጥረትም «ብዙ ተባዙ» የሚለው ቡራኬ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በዚሁ በሐሙስ ቀን ለባሕር ፍጥረትና ለወፎች ተሰጥቷል። ሰው በፍጥረት ላይ ሲሾምም ከሚገዛቸው መካከል መጀመሪያ የተጠሩት የባሕር ዓሦች ናቸው። ስለዚህ ሰው በዓሣ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ የሚከራከር ሰው ከመጽሐፉ ድጋፍ አያገኝም። የሚቀረው ጥያቄ ሥልጣኑ ምን ያስከትላል የሚለው ነው። በባሕር ያለ ዓሣን ሰው ቢገዛውም አይመግበውም፣ ውሃውንም አያጠራለትም፤ ያን የሚያደርግለት ፈጣሪው ነው። በሳሎን ያለ ዓሣ ግን ምግቡም፣ ትንፋሹም፣ ሙቀቱም፣ ሌሊትና ቀኑም ሳይቀር ከሰውየው እጅ ነው። ሰው በማንም ፍጥረት ላይ፣ በውሻውም በበሬውም ላይ፣ የዚህን ያህል ሙሉ ሥልጣን የለውም። ውሻ ውሃ ቢያጣ ወጥቶ ይፈልጋል። ዓሣ ከውሃው ወጥቶ የሚሄድበት የለውም።

ክፍለ ከተማው ስሙን የወሰደበት ሕፃኑ ቂርቆስ በውሃ የተፈተነ ሰማዕት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውሃ ውስጥ ተጣለ፤ ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ ውሃውን አበረደላቸው፤ ይህም በየዓመቱ ሐምሌ 19 ይከበራል። የሰማዕታትን ተጋድሎ ከዓሣ ሞት ጋር ማስተካከል አይገባም። ነገር ግን በዚህ ሰፈር ያደገ ሰው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ደካማ ፍጥረት ሕይወቱ ከውጭ ባለው እጅ እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

እስልምና ስለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ቀጥተኛ ነው። በሐዲስ ሰብሳቢዎቹ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የአንዲት ሴት ታሪክ በሰፊው ይታወቃል፦ ድመት አሥራ፣ ሳታበላት፣ የምድር ተባይም ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት ስለሞተች ሴትዮዋ ለቅጣት ተዳረገች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሴትዮዋ ድመቷን መምታቷ ወይም ማሠቃየቷ አለመነገሩ ነው። በደሏ ሁለት ነገር በአንድ ላይ መሆኑ ነው፤ መዝጋትና የተዘጋውን አለመጠበቅ። ሁለተኛው ዘገባ ይህን ሚዛን ይሞላል። የነቢዩ ባልደረባ የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ወፏ ስትሞት ነቢዩ ሙሐመድ ስለ ወፏ እያነሡ አጫወቱት። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሊቃውንት፣ ከእነሱም ውስጥ ኢብን ሐጀር፣ ወፍን በቤት ማኖር እንደሚፈቀድ ተናግረዋል፤ እንክብካቤዋ ሳይጓደል። ሁለቱ ዘገባዎች በአንድ ላይ ሲነበቡ ለአኳሪየም ባለቤት ግልጽ ነገር ይነግሩታል። ማኖሩ አልተከለከለም። ግን በሩን የዘጋ ሰው በዚያችው ሰዓት ዕዳ ገብቷል። ዕዳው ደግሞ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ድመቷ ያጣችው ምግብ ሲሆን ዓሣው የሚያጣው ውሃውን ነው፣ በውሃ መካከል እያለ።

በዝቋላው ጻድቅ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ በዙሪያቸው አናብስትና አናብርት ቆመዋል፣ አንዲት ወፍ ደግሞ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ወፏ የጠማት ውሃ ነበር፤ ያገኘችውም ውሃ ነው። በሳሎን ግን ብዙ ዓሣ የሚሞተው ባለቤቱ ስላልወደደው አይደለም፤ ፍቅሩ ዓሣው ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ስላልተገናኘ ነው። ልጆች ዓሣው ደስ እንዲለው በቀን አምስቴ ምግብ ይበትናሉ። እያንዳንዱ ቁንጥር አሞኒያ ይሆናል። እናት ገንዳው እንዲያምር ስፖንጁን አውጥታ በቧንቧ ውሃ ወዝውዛ ታጥባለች፤ በሳምንታት የተሰበሰቡት ባክቴሪያዎች በክሎሪኑ ይሞታሉ። ደግነት እዚህ ገዳይ ይሆናል፤ ዕውቀት ስለጎደለው።

የመነኮሳት መጻሕፍት ከሚባሉት ሦስቱ አንዱ የሆነው የማር ይስሐቅ ጸሐፊ በሰባተኛው ምዕተ ዓመት የነነዌ ጳጳስ የነበረ ሰው ነው፤ ዮናስ የተላከባት የዚያችው የነነዌ። ጵጵስናውን ከጥቂት ወራት በኋላ ትቶ ወደ ብሕትውና ገባ። ስለ ርኅሩኅ ልብ ባስተማረው ላይ ርኅራኄን ለሰው ብቻ አላቆመውም፤ ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ በምድር ለሚሳቡትና ለአጋንንትም ሳይቀር ልቡ የሚቃጠል ሰውን ይሥላል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ፍጥረት ላይ ትንሽ ጉዳት እንኳ ሲደርስ ማየትም መስማትም አይችልም ይላል። ማየት የሚል ቃል መግባቱ አኳሪየም ላይ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ጉዳቱ የማይታይ ከሆነስ? የሚቃጠለው ልብ የማይታየውን የሚያይበት መንገድ ካልፈለገ ምን ይጠቅማል?

የማይታየው የሚታይበት መንገድ አለ። የአሞኒያ መመርመሪያ ኪት ትንሽ የመስታወት ቱቦና ጥቂት ጠርሙስ ጠብታ ነው። ከገንዳው አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀዳል፣ ጠብታው ይጨመርበታል፣ ይነቀነቃል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። በብዙዎቹ ኪቶች ውሃው ቢጫ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ የለም። ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ፤ አረንጓዴው እየጠቆረ በሄደ መጠን በዚያው ልክ በዝቷል። ቱቦው በነጭ ወረቀት ፊት ተይዞ በቀን ብርሃን ሲታይ፣ ከደቂቃዎች በፊት ጥርት ብሎ የነበረ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይችልም።

ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ የሚል ክርክር እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት በተባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ተቀባዮች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን በጠጠሩ ላይ አሹ፣ ወደ ምግባቸው ለመመለስም እጅግ ዘገዩ፤ ሞርፊን ሲሰጣቸው ግን ይህ ባሕርይ ቀነሰ። አውስትራሊያዊው የነርቭ ሳይንቲስት ብራያን ኪ እ.ኤ.አ. በ2016 በተቃራኒው ቆመ፤ ዓሣ እንደ ሰው የአንጎል ቅርፊት ስለሌለው ሕመም ሊሰማው አይችልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ላይ በኒው ዮርክ የወጣው የሳይንቲስቶችና የፈላስፎች መግለጫ ደግሞ ዓሦችን ጨምሮ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሁሉ የንቃተ ስሜት ባለቤት የመሆን እውነተኛ ዕድል አላቸው አለ። ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን አንዱ ወገን ተሳስቶ ከሆነ የሚከተለው ዋጋ እኩል አይደለም። ዓሣ ይሰማዋል ብሎ ባዶ ገንዳ ስድስት ሳምንት የጠበቀ ሰው ተሳስቶ ቢሆን ያጣው ጊዜ ብቻ ነው። ይሰማዋል የሚለው እውነት ሆኖ ሳይጠብቅ ያስገባ ሰው ግን ለቀናት የዘለቀ ስቃይ በሳሎኑ አኑሯል።

ከዚህም የሚከብድ ተቃውሞ አለ። በጾም ወራት ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከጣና የመጣ ቆሮሶና አምባዛ በአዲስ አበባ በየምግብ ቤቱ ይጠበሳል፤ ይህን የሚበላ ሰው ለአንዲት ወርቃማ ዓሣ ምን አስጨነቀው? ተቃውሞው ክብደት አለው፣ በፌዝም መመለስ የለበትም። ልዩነቱ ግን እንዲህ ይመስላል። ቆሮሶው እስከተያዘባት ቀን ድረስ በሐይቁ ውሃ፣ በራሱ መንገድ ኖሯል። የተገደለውም ለምግብ ነው፣ ገዳዩም መግደሉን ያውቃል። የሳሎኑ ዓሣ ለመብል አልተፈለገም፤ እንዲኖር ተብሎ ተገዛ፣ ሕያውነቱ እንዲታይ ተብሎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አብሬህ ልኑር ተብሎ የተወሰደ ፍጥረት የሚጠብቀው ነገር ለመብል ከተያዘው ይለያል። ሥጋ የሚበላ ሰው የጭነት አህያውን ቢያስርብ በደለኛ እንደሚሆን ሁሉ፣ መብላት መፈቀዱ የማኖርን ግዴታ አያነሣም።

የአኳሪየም ዓለም ራሱ ለረጅም ጊዜ ያደረገው ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ባክቴሪያው እንዲራባ አሞኒያ ያስፈልገዋል፤ አሞኒያ ደግሞ ከዓሣ ይመጣል። ስለዚህ ምክሩ «መጀመሪያ ጠንካራ፣ ርካሽ ዓሣ አስገባ፤ ገንዳው ሲበስል የምትፈልገውን ውድ ዓሣ ታስገባለህ» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ዓሣው የሚሞተው በስሕተት አይደለም፤ ሊሞት እንደሚችል ታውቆ፣ ለሌላው መንገድ እንዲጠርግ ገብቷል። ባለማወቅ የሚለው ልመና ይህን አይሸፍንም። ሌላ መንገድ በማይኖርበት ዘመን ቢሆን ክርክር ሊነሣ ይችል ነበር፤ ግን ሌላ መንገድ አለ። ባዶው ገንዳ ውሃና ፊልተር እየሠራበት በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ቢጣልበት፣ ምግቡ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያው በዚያ ይራባል፣ ማንም አይሠቃይም። ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት አሞኒያ የተገኘለት ሰው በእሱ ሊያደርገው ይችላል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ገንዳው ዓሣ ይችላል። አማራጭ ካለ በኋላ ዓሣውን በመሣሪያነት መጠቀም ምክንያቱ ችኮላ ብቻ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ዓሣው ገብቶበት ከሆነስ? ያኔ ንስሐው በባልዲ ነው። በየቀኑ ይለካል። አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም ሲጠጋ ውሃ ይቀየራል፤ ግማሹ ሲቀየር መርዙም በግማሽ ይቀንሳል፣ አስፈላጊ ከሆነ በማግስቱ ይደገማል። ውሃ ከተቀየረ ባክቴሪያው ይሄዳል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ባክቴሪያው የሚኖረው በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተጣብቆ ነው። የሚጨመረው ውሃ ቀድሞ አንድ ቀን ተቀድቶ፣ ቢቻል አየር እየተነፋበት፣ ክሎሪኑ የወጣ ይሁን። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ጄሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ይህ ለካዛንችስ ሰው አዲስ ልማድ አይሆንም። ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። ምግብ በቀን አንዴ፣ ትንሽ፤ ወይም በሁለት ቀን አንዴ። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ለጥቂት ቀን ባይበላ አይጎዳም። ናይትራይት ሲነሣ በአሥር ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል። ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። ስፖንጁ ከቆሸሸ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ይደረግ፤ ወደ ቧንቧ አይሄድም። አዲስ ዓሣ ደግሞ እስከዚያ አይጨመር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንችስ በኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ለዓመታት የቆየ አኳሪየም በመኪና ተጭኖ፣ ፊልተሩ ተነቅሎ በካርቶን ውስጥ ከዋለና ስፖንጁ ከደረቀ፣ አዲሱ ቤት ሲደርስ እንደ አዲስ አኳሪየም ይቆጠራል፤ መስታወቱም ጠጠሩም ዓሣዎቹም የድሮዎቹ ቢሆኑም። ሰፈሩን የለቀቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አዲሱ ቤት ግድግዳና ጣራው ተሟልቶለትም ቡና የሚጠራራ ጎረቤትና እድሩ እስኪሰባሰቡ ድረስ ጊዜ ወስዷል። ዓሣ ይዞ ቤት የሚቀይር ሰው እንግዲህ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ፣ ክዳኑ ሳይጠረቀም፣ እንደ ዓሣዎቹ ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ኃላፊነቱ የገዢው ብቻ እንዳልሆነም መነገር አለበት። ገዢው ያላወቀውን ሻጩ ያውቃል። መስታወቱንና ዓሣውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ፌስታል የሚያስረክብ ነጋዴ ረቡዕ ምን እንደሚሆን ከገዢው ቀድሞ ያውቃል፤ በየሳምንቱ የሚመለሱት ደንበኞች ነግረውታል። የእሱ በደል ከገዢው ይከብዳል፣ መድኃኒቱም በእጁ ስለሆነ። በሱቁ ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ፊልተሮች አሉት፤ ከአንዱ ስፖንጅ ቆርሶ ገንዳ ለገዛ ሰው መስጠት ብዙም አያከስረውም። ያ ቁራጭ በአዲሱ ፊልተር ውስጥ ሲገባ የሳምንታቱን ጥበቃ ወደ ቀናት ሊያሳጥረው ይችላል። ቁራጩ ግን ከታመመ ዓሣ ገንዳ እንዳይቆረስ፣ በራሱ ውሃ እርጥብ እንደሆነ ከአየር ጋር በፌስታል ታስሮ እንዲሄድ፣ በዚያው ቀን ፊልተሩ ውስጥ እንዲገባና አሞኒያ እንዲያገኝ ያስፈልጋል። ዓሣውን በሌላ ቅዳሜ፣ ገዢው የውሃውን ልኬት ይዞ ሲመጣ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መሸጥ ይቻላል።